በጋዜጣ መሀል የነበሩ ቅጠሎች

«ጎንደር ሄደሽ ግንቡን አየሽው?» ይሉኛል ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኋቸው ሁሉ። አየሁት፤ ከባጃጅ ውስጥ ሆኜ፣ በሸራው ቀዳዳ በኩል። አጥሩ ረጅም ነው፣ ድንጋዩም ብዙ ነው። ከዚህ በላይ ልነግራችሁ አልችልም። ድሬዳዋ ያላችሁ ዘመዶቼና የሰፈሬ ልጆች ይህን ጽሑፍ የያዛችሁት የነገሥታቱን ከተማ በእኔ ዓይን ለማየት ከሆነ ከወዲሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ የሄድኩት ቅጠል ፍለጋ ነው።

ሥራዬን አብዛኞቻችሁ አታውቁትም። አዲስ አበባ ውስጥ የደረቁ ዕፅዋት በሚቀመጡበት ቤት ነው የምሠራው። አንድ ተክል ከነአበባው ይለቀምና በወረቀት መሀል ተጭኖ ይደርቃል፤ የት እንደተገኘ፣ መቼና በማን እንደተለቀመ ይጻፍበታል፤ ከዚያ ቁም ሳጥን ይገባል። ስንት ዘመን ቆይቶ የሚመጣ ሰው አውጥቶት «ይህ ተክል እዚህ ቦታ በቅሎ ነበር» ማለት ይችላል። ጽሑፉ ያለ ተክሉ ወሬ ነው፤ ተክሉም ያለ ጽሑፉ ገለባ ነው። እናቴ ይህን ሁሉ አስረድቻት ስጨርስ «እንግዲያ ድርቆሽ ጠባቂ ሆንሽ በይኛ!» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ላስረዳት አልሞከርኩም።

ቲቸር ዘውዱን ግን ታስታውሷቸዋላችሁ። ረጅም፣ ቀጭን፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት ኮታቸውን የማያወልቁት የባዮሎጂ አስተማሪያችን። ወደ እኛ ከመዛወራቸው በፊት ጎንደር ነበር የሚያስተምሩት። የዕረፍት ጊዜያቸውን በሙሉ በወገራና በስሜን ተራሮች በእግራቸው እየዞሩ ዕፅዋት ሲለቅሙ ከርመዋል። ወፍራም ወረቀት የለ፣ ማጣበቂያ የለ፤ ያደረቁትን ሁሉ በጋዜጣ መሀል እያስቀመጡ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ ጽፈዋል። ዝውውሩ ሲመጣ ያን ሁሉ ተሸክመው ድሬ ድረስ መምጣት ስላልቻሉ ትምህርት ቤቱ መጋዘን ባለ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበት መጡ። አሁን ጡረታ ወጥተው የትውልድ አገራቸው ደባርቅ ገብተዋል። ዓይናቸው ጠፍቷል።

ከለቀሟቸው መካከል አንዲት ተክል አለች። ከአምባ ጊዮርጊስ ከተማ በላይ፣ ኮረብታው ላይ፣ ምንጭ አጠገብ አገኟት። ቅጠሏ እንደ ሕፃን ጆሮ ለስላሳ፣ አበባዋ ወደ መሬት የሚያይ ነው ይላሉ። በሌላ ቦታ አላዩዋትም፣ በመጽሐፍም አላገኟትም። እኔም አዲስ አበባ ያለውን መጽሐፍና የደረቀ ተክል ሁሉ አገላብጬ እሷን የምትመስል አጣሁ። እንግዲህ ዓለም እስካሁን ስም ያላወጣላት ተክል ልትሆን ትችላለች። ለዚህ ማስረጃው ያቺ በጋዜጣ መሀል ያለችው ብቻ ናት። ዘንድሮ መጋዘኑ ሊፈርስ መሆኑን ስሰማ ለቲቸር ደወልኩላቸው። «ዘሐራ፣» አሉኝ፣ «እነሱን አውጪልኝ። እሷን ደግሞ ስም ሳታወጪላት እንዳልሞት።» ቀጥዬ ለትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ኃላፊ ለእትዬ ስንዱ ደወልኩ። «ኧረ ተመስገን፣ አንዱንም ብል አልነካውም! በያመቱ እየከፈትኩ አየዋለሁ» አሉኝ። ያን ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ሰኞ ጠዋት በአውሮፕላን ተነሣሁ። በመኪና ልሂድ ብዬ ነበር፤ መንገዱ አንድ ቀን ክፍት አንድ ቀን ዝግ ነው ብለው ያስፈራሩኝ ስለበዙ ተውኩት። የያዝኩት አንድ ቦርሳ፣ አንድ ባዶ ካርቶንና መጭመቂያዬን ነው። መጭመቂያ ማለት ተክል የሚደርቅበት፣ በቀበቶ የሚጠበቅ ሁለት የእንጨት ርብራብ ነው። ፈታሹ አገላብጦ አየው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቅጠል መጭመቂያ።»

መታወቂያዬን ተቀበለኝ። የትውልድ ቦታ ድሬዳዋ ይላል። ቀና ብሎ ፊቴን አየ፣ ወደ ርብራቡ ተመለሰ።

«እህቴ፣ ጫት ደግሞ መጨመቅ ጀመራችሁ?»

ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። የዚያን ቀን ገና ሳቅ ነበረኝ።

አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ስንወርድ ፀሐይ አለ፣ ሙቀት የለም። እንዲህ ያለ ነገር እኛ ዘንድ አይታወቅም፤ ድሬ ፀሐይ ከወጣ ወጣ ነው። ፒያሳ አካባቢ አልጋ ያዝኩ። ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ ቧንቧው ግን ሲከፍቱት ተንፍሶ ዝም ይላል። እንግዳ ተቀባዩ «ውሃ ነገ ይመጣል» አለኝ፤ የዛሬን ምን እንደማደርግ አልነገረኝም። ፊቴን በምን እንደምታጠብ እያሰብኩ እትዬ ስንዱ ሊጠይቁኝ መጡ። ቀጠን ያሉ፣ አንገታቸው ላይ የተነቀሱ፣ ጡረታ አፋፍ ላይ ያሉ ሴት ናቸው። ባዶውን ባልዲ አዩና አላስጨረሱኝም።

«ምነው! እኔ ቤት እያለልሽ?»

ቦርሳዬን ራሳቸው አንሥተው ወጡ። ቤታቸው አውቶ ፓርኮ አካባቢ ነው። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው ሌላ ከተማ ናቸው። «ስምሽ ዘሐራ አይደል? እንግዲያ የእኛን ሥጋ አትበይም» አሉና ወጥተው ሄዱ። ለካ አዲስ ዓለም ሰፈር ድረስ ሄደው አንድ ሙስሊም ወዳጃቸው ዘንድ ዶሮ አሳርደው፣ ድስቱንና ማማሰያውን ጭምር ከዚያው ተውሰው ነው የመጡት። ወጡ እስኪደርስ እንቅልፍ ጥሎኝ ነበር፤ ቀስቅሰው አጎረሱኝ። አልጋቸውን ለእኔ ለቀው እሳቸው መሬት ላይ ፍራሽ ዘረጉ። ብለምን፣ ብምል፣ አልሰማ አሉኝ። እኛ ድሬ በዚህ ወር ግቢ ውስጥ ስንተኛ አንሶላ እንኳ ይከብደናል፤ እዚህ ብርድ ልብስ በብርድ ልብስ ላይ ደርበውልኝ አፍንጫዬ ቀዝቅዞ አደረ።

ማክሰኞ ከተማው ዝግ ዋለ። ሱቅ የለም፣ ባጃጅ የለም፣ ትምህርት ቤትም የለም። ምክንያቱን የጠየቅኳቸው ሁሉ ትከሻቸውን ነቀነቁ፤ ሰው ለምዶታል። ቤት ቁጭ ብለን ዋልን። እትዬ ስንዱ ባቄላ እየፈለፈሉ ስለ ቁም ሳጥኑ አወሩኝ። ስንቱ ኃላፊ «ይህን አሮጌ ጋዜጣ ጥዪው» እንዳላቸው፣ ስንቱ ለበርበሬ መጠቅለያ እንደለመናቸው፣ አንድ ገጽ እንኳ እንዳልሰጡ። «መምህሩ አደራ ብለው ሄደዋል፤ አደራ ደግሞ አደራ ነው» አሉ። እጃቸውን ይዤ ሳምኳቸው። በእኛ ሙያ እንዲህ ያለ ሰው አይገኝም። ብል፣ ሻጋታ፣ አይጥ፣ የሚያፈስ ጣሪያ፣ ግድ የለሽ ኃላፊ፤ ስንት ዓይነት ጥፋት አይቻለሁ። የዚያን ቀን ግን አላህ ለቲቸር ዘውዱ ልፋት አንድ መልአክ መድቦለታል ብዬ አመንኩ።

ረቡዕ መጋዘኑ ተከፈተ። ግድግዳው ሊፈርስ ምልክት ተደርጎበታል፣ ወንበርና ጠረጴዛ እላይ በላይ ተከምሯል። ከጥግ ያ ቁም ሳጥን ቆሟል፣ አቧራ የሚባል የለበትም። እትዬ ስንዱ ቁልፉን ከጉያቸው አወጡ። በሩ ሲከፈት አንድ ሽታ ወጣ፤ ጉንፋን የያዘው ሰው የታጠነበት ክፍል ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። የባሕር ዛፍ ሽታ ነው። ለብል ብለው መደርደሪያው ላይ ጥለውበት ይሆናል ብዬ በልቤ አመሰገንኳቸው።

የላይኛውን ጋዜጣ አወረድኩ። በኅዳጉ ላይ የቲቸር ዘውዱ እጅ ጽሑፍ አለ፤ ያ ወደ ቀኝ ያዘመመው፣ በሰሌዳ ላይ የማውቀው። «ኮሶ። ዳባት አጠገብ፣ ገደል አፋፍ» ይላል። ገለጥኩት። ውስጡ ባሕር ዛፍ ነው። አንድ ቅጠል፣ ገና አረንጓዴነቱን ያልጨረሰ፣ መሀል ለመሀል ተስተካክሎ የተኛ።

ተሳስቶ የገባ ነው ብዬ ሁለተኛውን ገለጥኩ። «ጅብራ» ይላል፤ ባሕር ዛፍ። ሦስተኛው «ቀጋ» ይላል፤ ባሕር ዛፍ። ዘለልኩና ከመሀል አወጣሁ፣ ከታች አወጣሁ፤ ሁሉም ባሕር ዛፍ ነው።

«እትዬ ስንዱ፣ ይህን ቅጠል ማነው ያስገባው?»

«እኔ ነኛ!» አሉ፣ ፊታቸው በራ። «ሸጋ አድርጌ ይዤልሻለሁ አይደል? መጋዘኑን ስረከብ መምህሩ ጋዜጦቻቸውን ብል እንዳይበላባቸው በየመሀሉ ቅጠል ከተውባቸው ነበር። እናቴም የክት ልብሷ መሀል እንዲሁ ታደርግ ነበር። ግን ያረጀ ቅጠል ነው። ሽታ የለው፣ ቢነኩት ብትን ይላል። እንዲህ ያለው ምን ብል ያባርራል? አወጣሁና በደህና ቅጠል ተካሁት። ከዚያ ወዲህ በያመቱ፣ ክረምት ሲወጣ እቀይርላቸዋለሁ። አንድ ዓመት አላስታጎልኩም።»

«አሮጌውስ? መምህሩ ያስቀመጡት?»

«እሱማ ያኔውኑ፣ በመስቀል ሰሞን ግቢው ሲጠረግ፣ ከጥራጊው ጋር ተቃጠለ። ምነው ልጀ? እሱ ምን ያደርግልሻል?»

ምን ልበላቸው? ሴትየዋ ብል የሚበላው ጋዜጣውን ነው ብለው ጋዜጣውን ጠብቀዋል። ደግሞ ማን ነግሯቸው ያውቃል? ቲቸር ዘውዱ የቆለፉበትን ቁልፍ ለአንዱ ሰጡ፣ ያ ሰው ለሌላው፣ ሌላው ለእትዬ ስንዱ፤ ቁልፉ ሲተላለፍ ሁሉም «የመምህሩ ጋዜጦች» እያለ ነው ያስተላለፈው። «የመምህሩ ቅጠሎች» ያለ የለም። የጋዜጦቹን ደህንነት እንዲህ አድርጎ የጠበቀ ሰው እኔ በሥራ ዘመኔ አላየሁም።

ያቺን አንዷን ፈለግኋት። «ስሟ ያልታወቀ። ከአምባ ጊዮርጊስ በላይ፣ ምንጭ አጠገብ። አበባዋ ወደ መሬት የሚያይ» ይላል ኅዳጉ። ቀስ ብዬ ገለጥኩ። የእሷን ባሕር ዛፍ እትዬ ስንዱ ከነቅርንጫፉ ነው ያደረጉላት፣ ሦስት ቅጠል ያለው። መነጽሬን አውጥቼ እጥፋቱን በሙሉ በረበርኩ። አንዲት ፍርፋሪ፣ አንዲት የአበባ ቁራጭ ብትገኝ ዛሬ ከእሷ ብዙ ማወቅ ይቻላል። ምንም የለም። የደረቀ ተክል ወረቀት ላይ ቡናማ ጥላውን ያትማል፤ የእሷም ጥላ ታትሞ ነበር መሰለኝ፣ ነገር ግን በላዩ ላይ በየዓመቱ ባሕር ዛፍ ሲታተምበት ኖሮ አንዱ ካንዱ አይለይም።

ተቀምጬ አለቀስኩ። እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት፣ አላፈርኩም። እትዬ ስንዱ አጠገቤ ቁጭ አሉና ጀርባዬን ደባበሱኝ።

«አይዞሽ። መምህሩ ትዝ አሉሽ አይደል? ደግ አስተማሪ እንዲህ ያስለቅሳል። አይዞሽ፣ ጋዜጦቻቸው በእጅሽ ገብተዋል፣ ደስ ይላቸዋል።»

እውነቱን አልነገርኳቸውም። ዶሮውን፣ አልጋውን፣ አንድ ዓመት ሳያስታጉሉ የቀየሩትን ቅጠል ሁሉ አሰብኩና ካርቶኑን አቀረብኩ። ጋዜጦቹን በካርቶን አሸግን። ባሕር ዛፉን ላውጣው ስል «ተይ፣ መንገድ ላይ ብል እንዳያገኘው» አሉኝ። ተውኩት።

ሐሙስ ጠዋት ስሰናበታቸው ለመንገድ ዳቦ ቋጠሩልኝ። ወደ ደባርቅ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ልወርድ ነው። ተክሏ ከጋዜጣው ብትጠፋም ከምድሩ ላይ ትኖራለች፣ ምንጩን ካገኘሁ አገኛታለሁ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ጠበቅን፣ ከሞላም በኋላ እስኪሞላ ጠበቅን። ካርቶኑን ጭኔ ላይ አቅፌ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያሉ እናት አፍንጫቸውን አነሣ አደረጉና «ጉንፋን ይዞሽ ነው?» አሉኝ። መንገዱ ሽቅብ ነው፤ የወገራ ማሳ አጨዳ ላይ ስለነበር ሜዳው ሁሉ ቢጫ ሆኗል። እኛ አገር እንዲህ ያለ ሰፊ ማሳ ያየሁ አይመስለኝም፤ የእኛ ሜዳ አሸዋና ግራር ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ያምረኝ ነበር።

አምባ ጊዮርጊስ ሻይ ቤት ገብቼ ከከተማው በላይ ስላለው ምንጭ ጠየቅኩ። «የአያ ሞላ መሬት ላይ ነው» አሉና ሰውዬውን ጠሩልኝ። አያ ሞላ ሸምገል ያሉ ገበሬ ናቸው፣ ጋቢ ለብሰው ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው መጡ። የፈለግኩትን ነገርኳቸው።

«አንዲት ቅጠል ፍለጋ ከአዲስ አበባ?» አሉ። ቀጥለው «ነይ እንግዲህ» አሉና ቀደሙኝ።

ኮረብታውን ስንጀምረው የጫማዬ ሶል ተገንጥሎ ቀረ። የድሬ ጫማ ለወገራ ድንጋይ አልተሠራም። አያ ሞላ ቤታቸው ጎራ አድርገውኝ የባለቤታቸውን የላስቲክ ጫማ አጫሙኝ፤ እግሬ ተለቅ ስላለ ተረከዜ ውጭ ቀረ። ባለቤታቸው ሳቁብኝ፣ እሳቸው ግን በባዶ እግራቸው ቀሩ። ወጣን። ከሩቅ ያየሁት አረንጓዴ ጫካ ልቤን አንጠልጥሎት ነበር። ስንቀርብ ግን ለየሁት። ከግርጌ እስከ ጫፍ ባሕር ዛፍ ነው።

«ምንጩስ የት ነው?» አልኳቸው።

በዱላቸው አንድ ጎድጓዳ ቦታ አሳዩኝ። ደረቅ ቅጠል ሞልቶበታል።

«እዚህ ነበር። ልጅ ሳለሁ ከብት እናጠጣበት ነበር። ባሕር ዛፉ ጠጣው።»

«ሲደርቅ እያዩ ለምን ተከሉት አያ ሞላ?»

ቃሌ ጠንከር ብሎ ወጣ፤ አልተቆጡም።

«በሱ ነው እኮ ልጆቼን ያስተማርኩት። ቤቱንም በሱ ሠራሁ። ሸጋ ነው ባሕር ዛፍ። ውሃው ግን ሄደ፣ ምን ይደረግ?»

በእጄና በጉልበቴ ተንበርክኬ ፈለግሁ። ከዛፉ ሥር የሚበቅል ነገር የለም፤ መሬቱ ራሰ በራ ነው። ወረቀቱንም ኮረብታውንም ያው አንድ ዛፍ ወስዶብኛል። ቁጭ ብዬ ዓይኔ እንባ ሲሞላ አያ ሞላ ተጨነቁ። ወደ ታች፣ ወደ ማሳው ዳር ወረዱና ክንዳቸው ሙሉ ቅጠላ ቅጠል ይዘው ተመለሱ፤ እምቧጮው፣ ጦስኙ፣ ሰርዶው፣ ስሙን የማላውቀው አረም ሁሉ።

«በይ ከዚህ ምረጪ። ከዚህ አንዱ አይሆንሽም?»

«ይሆነኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸው። አንድ የጦስኝ ዘለላ መርጬ መጭመቂያዬ ውስጥ አስገባሁ። ደስ አላቸው። እዚያው ቤታቸው አደርኩ፤ በሶ በጥብጠው ሰጡኝ፣ ፍየሎቹ የሚያድሩበት ክፍል ሙቀት አለው ብለው በዚያ በኩል አነጠፉልኝ። ባለቤታቸው ሶሌን በሲባጎ ጠፍንገው አስረውልኝ አደሩ። እነዚህን ሰዎች በሌላ ጉዳይ መጥቼ ባገኛቸው ምንኛ ደስ ባለኝ ነበር።

አርብ ወደ ደባርቅ ቀጠልኩ። ከዳባት አለፍ እንዳልን ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን። ፈታሹ ካርቶኑን ከፈተ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አሮጌ ጋዜጣ።»

«ውስጡስ?»

«ባሕር ዛፍ።»

«ለምን?»

አገሬው ሁሉ ባሕር ዛፍ በሆነበት ቦታ ባሕር ዛፍ በጋዜጣ ጠቅልላ የምትሄድ ሴት። ጭንቅላቷ ደህና አይደለም ብሎ ይሆናል፣ በርኅራኄ አየኝና ካርቶኑን ራሱ መልሶ አሰረልኝ።

ደባርቅ ላይ ነፋሱ ያንገበግባል። ድሬ ነፋስ ሲመጣ በር እንከፍትለታለን፤ እዚህ ሰው ሁሉ ፊቱን ሸፍኖ ይሮጣል። ቲቸር ዘውዱ ከእህታቸው ልጅ ከደስታ ጋር ነው የሚኖሩት። ግቢው ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ፣ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ያው ኮት ነው መሰለኝ የለበሱት። ሰላም ስላቸው ፊቴን በእጃቸው ዳሰሱ።

«አንቺ ድሬ፣ ከስተሻል።»

«ብርድ ነው ቲቸር።»

ደስታ ሽሮ አቀረበችልን። መንገድ ላይ ስንት ዓይነት ውሸት ሳዘጋጅ ነበር የመጣሁት፤ ሁሉ ደህና ነው፣ አዲስ አበባ ሄዶ ይመረመራል፣ ስምም ይወጣላታል ልበላቸው? ማየት አይችሉም። ማን ይነግራቸዋል? ካርቶኑን ከፊታቸው ሳስቀምጥ ግን ገና ሳልከፍተው አፍንጫቸው ቀደመኝ።

«ባሕር ዛፍ ይሸታል» አሉ። «እኔ ባሕር ዛፍ ለቅሜ አላውቅም።»

ነገርኳቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ስለ ምንጩም ጭምር። ስናገር እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ። አልተቆጡም፣ አላለቀሱም። «ሴትዮዋን ነገርሻት?» አሉ።

«አልነገርኳቸውም።»

«አትንገሪያት። ያስረከብኩት ቁልፉን ብቻ ነው፤ ምን እንደቆለፍኩ ለማንም አልነገርኩም።»

ነፋሱ የበሩን ቆርቆሮ ያንኳኳል። ከዚያ ጀርባቸውን ከግድግዳው አላቀው ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«ጽሑፉ አለ አይደል?»

«አለ ቲቸር። አንዱም አልጠፋ።»

«እንግዲያ ስም ጥሪ።»

«ምን አሉኝ?»

«በተራ ጥሪያቸው።»

የላይኛውን ጋዜጣ አነሣሁ።

«ኮሶ። ዳባት አጠገብ፣ ገደል አፋፍ።»

«ቀሪ» አሉ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ቀጥሎ የክፍል ስም ጥሪ መሆኑ ገባኝና ሁለተኛውን አነሣሁ።

«ጅብራ። ከደባርቅ በላይ።»

«ቀሪ።»

«ቀጋ። የገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር።»

«ቀሪ።»

እያንዳንዱን እንደ ጠራሁ ጋዜጣውን እያጠፍኩ ወደ ጎን አኖርኩ። ድምፃቸው አይወጣም አይወርድም። አንዳንዱን ስጠራ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የለቀሙበትን ቀን የሚያስታውሱ ይመስለኛል። ደስታ ሣህኑን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ፀሐዩ ከግድግዳው ላይ ሸሽቶ ጥላ ሲያገኘን እንኳ ወደ ቤት እንግባ ያለ የለም። ክምሩ እያነሰ ሄደና ያቺ ደረሰች።

«ስሟ ያልታወቀ። ከአምባ ጊዮርጊስ በላይ፣ ምንጭ አጠገብ። አበባዋ ወደ መሬት የሚያይ።»

ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ቲቸር? ቀሪ ልበል?»

«ተይ» አሉ። «አንድ ጊዜ ተጠርቶ ቀሪ አይባልም። በር ላይ ልትሆን ትችላለች። ደግመሽ ጥሪያት።»

ድምፄን ከፍ አድርጌ ደግሜ ጠራኋት። ፊታቸውን ወደ ግቢው በር አዙረው፣ የማያዩ ዓይኖቻቸውን ከፍተው አዳመጡ።

ሦስተኛ ጊዜ ጠራኋት።

«ቀሪ» አሉ።